«የሰማይ ቅጣት» እና ሌሎች የፉኩሺማ ቃላት

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በጃፓን ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ፣ ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ጠረፍ ማዶ የባሕሩ ወለል ተናወጠ። ርዕደ መሬቱ 9.0 ተለካ። ብዙ ሳይቆይ ባሕሩ ወደ የብስ ወጣ። ወደ 16,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ከ2,500 በላይ የሚሆነው እስከ ዛሬ የገባበት አልታወቀም። ውሃው የፉኩሺማ ዳይኢቺን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አጥለቀለቀው፤ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን አጠፋቸው፤ ማቀዝቀዣ ያጡ ሦስት ማብላያዎችም ቀለጡ። በሦስተኛው ቀን፣ አስከሬን ገና ከጭቃ እየወጣ ሳለ፣ የቶኪዮ ገዢ ኢሺሃራ ሺንታሮ ጋዜጠኞች ፊት ቆመው፣ ሕዝቡ በስግብግብነት መያዙን፣ ሱናሚውም ይህን እድፍ የሚያጥብ «ቴንባትሱ» መሆኑን ተናገሩ።

«ቴን» ሰማይ ነው፤ «ባትሱ» ደግሞ ቅጣት። እኛ ዘንድ ቢሆን «መቅሰፍት» ነበር የሚባለው። የመቅሰፍት ሥር ግዕዙ «ቀሠፈ» ነው፤ ገረፈ፣ መታ፣ ቀጣ ማለት ነው። መቅሰፍት ያለ ገራፊ አይኖርም፤ ቃሉ ውስጥ ጅራፍ የያዘ እጅ አለ። «መዓት»ም እንደዚሁ በግዕዝ ቁጣ ነው። «መዓት ወረደ» ሲባል የተቆጣ ከላይ አለ ማለት ነው። (ዛሬ «የሰው መዓት» ስንል ብዛትን ብቻ ነው የምንለው፤ ቁጣው ከቃሉ ተንጠፍጥፎ አልቋል።) አንድ ሕዝብ በራሱ ላይ ለደረሰው መከራ መቅሰፍት የሚል ስም ቢሰጥ መብቱ ነው፤ ንስሐም ሊሆን ይችላል። የዳነው ለሞተው ይህን ስም ሲሰጥ ግን ፍርድ ይሆናል። የፉኩሺማ ዳይኢቺ መብራት የሚሄደው ደግሞ ወደ ቶኪዮና አካባቢዋ ነበር። የፉኩሺማ ሰው ራሱ የሚጠቀመው የሌላ ኩባንያ መብራት ነው። ስግብግብነት ይከሰስ ከተባለ ሱናሚው የመታው የሳንሪኩ ጠረፍ ዓሣ አጥማጅ ምን አደረገ?

ከአደጋው ቀጠና ተቃውሞ ጎረፈ፤ ገዢውም በማግስቱ ይቅርታ ጠየቁ። ወር ሳይሞላ በተደረገው ምርጫ ግን እንደገና አሸነፉ። የሰማይ ቅጣት የሚለው ሐሳብ ለጃፓን እንግዳ አልነበረም። በ1923 (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ታላቁ የካንቶ ርዕደ መሬት ቶኪዮንና ዮኮሃማን አፍርሶ ከ100,000 ሰው በላይ ሲጨርስ፣ ዛሬ ምስላቸው በ10,000 የን ኖት ላይ ያለው ባለሀብት ሺቡሳዋ ኤኢቺ «ቴንኬን» ብለውት ነበር፤ የሰማይ ተግሣጽ ማለት ነው። ደራሲው አኩታጋዋ ሪዩኖሱኬ ይህንን በጽሑፍ ተቃወመ። ክርክሩ ከ88 ዓመት በኋላ አንድ ቃል ብቻ ቀይሮ ተመለሰ።

እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ስከታተል ደጋግሞ የገጠመኝ ጥያቄ አድራጊው ማን ነው የሚለው ነው። አደጋ ሲመጣ ሰው ሁሉ አድራጊውን ይፈልጋል፤ ቋንቋም ይህን አድራጊ ከፍ አድርጎ ሰማይ ላይ ሊሰቅለው፣ በነፋስ ሊያሳብብበት ወይም ስሙን ጠርቶ ሊያስቀምጠው ይችላል። የፉኩሺማ ሰሞን የተነገሩት ቃላት ይህንኑ ሲያደርጉ እንያቸው።

ከሁሉ በፊት «ሱናሚ»። «ጹ» ወደብ፣ «ናሚ» ማዕበል፤ የወደብ ማዕበል ማለት ነው። ለምን የወደብ ተባለ ቢሉ፣ የሚነገረው ማብራሪያ ይህ ነው፦ ጥልቅ ባሕር ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ይህ ማዕበል በታንኳው ሥር ሲያልፍ አያውቀውም፤ ማዕበሉ የሚቆመው ጥልቀቱ በሚያንስበት በጠረፉ ነውና። ማታ ሲመለስ ወደቡን ያጣዋል። ቃሉ ተጽፎ የሚገኝበት የጥንቱ መዝገብ በ1611 ያንኑ የሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ የመታውን ማዕበል ይመለከታል። በ1896 ዳግም በዚያው በሳንሪኩ ጠረፍ ወደ 22,000 ሰው አለቀ፤ በዓመቱ ጃፓን የኖረው ጸሐፊ ላፍካዲዮ ሐርን ቃሉን ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተዋወቀ። ወደ እኛ ጆሮ በደንብ የገባው በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ከሱማትራ የተነሣው ውሃ የሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ የሶማሊያን ጠረፍ ሐፉንን በመታ ጊዜ ነው። ያኔ ሬዲዮው «ሱናሚ» አለ፤ እኛም አልን፤ «የወደብ ማዕበል» ብሎ መተርጎም ያማረው አልነበረም። ደግ ነው። ሱናሚ ንጹሕ ቃል ነው፤ የሚያሳየው ውሃና ቦታን ብቻ ነው፤ ማንንም አይከስም፣ ማንንም አይቀጣም። ከዚህ ሁሉ ቃል መካከል የባሕር ሰዎች ያወጡት መሆኑ ያስታውቃል።

የባሕር ሰዎች ሌላም ቃል አላቸው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው። «ቴንዴንኮ»። የሳንሪኩ ጠረፍ ዘዬ ነው፤ «ቴንዴን» እያንዳንዱ በየራሱ ማለት ነው፣ ሥሩም «ቴ» እጅ እንደሆነ ይነገራል፤ በየእጁ እንደማለት። «ኮ» የሰሜን ሰዎች በስም ላይ የሚጨምሯት የማቆላመጫ ቅጥያ ናት። ሱናሚ ሲመጣ ቴንዴንኮ፤ እናትም አባትም አትጠብቅ፣ እግሬ አውጪኝ ብለህ ወደ ኮረብታው ሩጥ። ቃሉን በመላ ጃፓን ያስታወቁት የሱናሚ ታሪክ አጥኚው ያማሺታ ፉሚዮ ናቸው። በ1933 ሱናሚ ሲመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ልጁን ሳይጠብቁ ሮጡ፤ በኋላ እናት «ልጅህን ጥለህ!» ብላ ስትወቅስ፣ አባት የመለሱት በዚያች ቃል ነበር።

ይህ ቃል ላልለመደው ጨካኝ ነው። በተለይ ለእኛ፣ «ወላጁን ጥሎ የሮጠ» የሚለው ነቀፋ ትውልድ ለማይረሳን ሰዎች። ግን የቃሉ ብልሃት ከዚህ ጋር አይጣላም። በሳንሪኩ ጠረፍ ቤተሰብ ሁሉ ያለቀው እርስ በርስ ሲፈላለግ ነው፤ አባት ለልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲወርድ፣ ልጅ ለአያት ወደ ቤት ሲመለስ። አንተ መሮጥህን ካመንኩ እኔ ወደ ኋላ አልመለስም፤ እኔ መሮጤን ካመንህ አንተም አትመለስም። ስለዚህ ቴንዴንኮ አስቀድሞ፣ በደህናው ቀን፣ በቤተሰብ መካከል የሚደረግ ቃል ኪዳን ነው። በካማይሺ ከተማ የጉንማ ዩኒቨርሲቲው ካታዳ ቶሺታካ ለዓመታት ይህንን ለተማሪዎች ሲያስተምሩ ቆይተው ነበር። በዚያች ቀን የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ልጆች ትእዛዝ ሳይጠብቁ ሮጡ፤ የጎረቤት ትምህርት ቤት ሕፃናት አይተው ተከተሏቸው፤ ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይዘው ወጡ። የከተማዋ ወደ 3,000 የሚጠጉ ተማሪዎች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ተረፉ። ያማሺታም ያን ዕለት በሪኩዜንታካታ ከተማ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ውሃው አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲመጣ መጋረጃ ጨብጠው ዳኑ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ዐረፉ።

ከጠረፉ ወደ መሥሪያ ቤቱ እንለፍ። የማመንጫው ባለቤት ቴፕኮ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ የያዘው ቃል «ሶቴይጋይ» ነበር። «ሶቴይ» ግምት፣ ታሳቢ፤ «ጋይ» ውጭ። ከታሳቢ ውጭ። የሚገርመው ቃሉ የመጣበት መንገድ ነው። በ2005 አንድ ወጣት የኢንተርኔት ባለሀብት፣ ሆሪኤ ታካፉሚ፣ ኩባንያ ለመግዛት በሚታገልበት ሰሞን ጋዜጠኛ በጠየቀው ቁጥር «ሶቴይናይ ነው» ይል ነበር፤ በታሳቢ ውስጥ ነው፣ አስቤበታለሁ እንደማለት። አባባሉ ከነተቃራኒው የዓመቱ ተወዳጅ ቃል ሆኖ ተሸለመ። በስድስት ዓመቱ ያ የድፍረት ቃል ተገልብጦ የሐዘንና የማምለጫ ቃል ሆነ።

ማመንጫው ሊመጣ የሚችል ሱናሚ ብሎ የያዘው ከፍታ 5.7 ሜትር ነበር፤ የመጣው ከ14 ሜትር በላይ ነው። እስከዚህ ከሆነ «ከታሳቢ ውጭ» እውነት ይመስላል። ግን በ869 በዚያው ጠረፍ የወጣው የጆጋን ሱናሚ አሸዋውን ሩቅ የእርሻ መሬት ውስጥ ጥሎት ሄዷል፤ ሊቃውንት ቆፍረው አግኝተውታል። ራሱ ኩባንያውም በ2008 ባደረገው የውስጥ ስሌት 15.7 ሜትር የሚደርስ ሱናሚ ሊመጣ እንደሚችል ደርሶበት ነበር። እንግዲህ ቁጥሩ ተሰልቷል፣ ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ አለ። ከታሳቢ ውጭ የተባለው ያልታሰበው አይደለም፤ ታስቦ ወደ ውጭ የተገፋው ነው። ግስ ቢሆን «አወጡት» ይባል ነበር፤ ስም ስለሆነ አውጪው አይታይም። በ2012 የጃፓን ምክር ቤት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን፣ በዶክተር ኩሮካዋ ኪዮሺ ሰብሳቢነት፣ የማመንጫው አደጋ ሰው ሠራሽ ነው ሲል ደመደመ። ጃፓንኛ ለዚህ ጥንድ ቃል አለው፦ «ቴንሳይ» የሰማይ መከራ፣ «ጂንሳይ» የሰው መከራ። የኮሚሽኑ ሥራ በአጭሩ ሲነገር አንዲቱን «ቴን» ፍቆ በቦታዋ «ጂን»ን መጻፍ ነበር። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ሰነድ ይልቅ ከባዱ ይህ ነው።

አንዳንዱ ቃል ደግሞ እንዳይነገር ተከለከለ። መጋቢት 3 ቀን አንድ የኑክሌር ደኅንነት ኤጀንሲ ቃል አቀባይ የማብላያው እምብርት ሳይቀልጥ እንዳልቀረ በመግለጫ ላይ ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ መግለጫ የሚሰጠው ሌላ ሰው ሆነ። ኩባንያው መቅለጡን ያመነው በግንቦት ነው። በ2016 ደግሞ የኩባንያው የዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት «መቅለጥ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ ማዘዛቸው በምርመራ ወጣ። ለሁለት ወር ያህል መግለጫው ሁሉ የተነገረው «የነዳጅ ዘንጎች ጉዳት» በሚል ነበር። ብረቱ ቀልጦ ወለል ላይ ወርዷል፤ ቃሉ ግን ገና «ተጎድቷል» ላይ ቆሟል።

በቴሌቪዥን የሚታየው ሰው የካቢኔው ዋና ጸሐፊ ኤዳኖ ዩኪዮ ነበሩ። ሰማያዊ የሥራ ጃኬት ለብሰው ሌሊትና ቀን መግለጫ ሰጡ። ሰው አዘነላቸው፤ በትዊተር ላይ «ኤዳኖ፣ ተኛ» የሚል ጥሪ ተሰራጨ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከአፋቸው የወጣ አንድ ተውሳከ ግስ ሕዝቡን አስቆጣ፦ «ታዳቺኒ»። ጨረሩ ጤና ላይ «ታዳቺኒ» የሚያደርሰው ጉዳት የለም። ወዲያውኑ። የቃሉ ሥር «ታዳ» ነው፤ ቀጥ ያለ፣ መካከሉ ምንም የሌለበት። የእኛ «ወዲያው» የመጣው ደግሞ ከተቃራኒው ነው፤ «ወዲያ» ማዶን፣ ርቀትን ነው የሚያመለክተው፤ «ከዚያ ወዲያ» ስንልም የኋላውን ነው። ያን ጊዜ ጃፓናዊት እናት የጠየቀችው በአማርኛ ቢሆን ኖሮ በአንድ ፊደል ያልቅ ነበር፦ ወዲያው አይጎዳም፤ ከዚያ ወዲያስ? በቴክኒክ ረገድ ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አልነበረም። ቶኪዮ ላይ የተለካው ጨረር ሰውን በቀናት የሚጥል አልነበረም። ግን ለሕፃን የወተት ዱቄት የምትበጠብጥ ሴት የምትጠይቀው ስለ ሃያ ዓመት ነው፤ መጋቢት 14 ላይ ደግሞ የቶኪዮ የቧንቧ ውሃ ለሕፃናት እንዳይሰጥ ተነገረ፤ የታሸገ ውሃ ከየሱቁ መደርደሪያ ጠፋ። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ሽሚያ የመጣው ከድንጋጤ ሳይሆን ያችን አንዲት ቃል በጥንቃቄ ከማድመጥ ነው።

የጨረር ነገር ከመጣ አንድ የጽሕፈት ጉዳይ ላሳይ። «ሂባኩ» የሚለው ቃል በጃፓንኛ ሁለት ነው፤ ድምፁ አንድ፣ ጽሕፈቱ ሁለት። «ሂ» መቀበል፣ በራስ ላይ መሸከም ነው። «ባኩ»ን ግን ተጠግቶ ማየት ይገባል። በሂሮሺማና በናጋሳኪ የተረፉት ሲጻፉ የምልክቱ ግራ ጎን እሳት ነው፤ ፍንዳታ። በማመንጫ ወይም በሌላ መንገድ ጨረር ያገኘው ሲጻፍ የግራው ጎን ፀሐይ ነው፤ መስጣት፣ ለፀሐይ ማጋለጥ ማለት ነው፣ ልብስ እንደሚሰጣ። የቀኙ ጎን በሁለቱም አንድ ነው። ይህቺ የፀሐይዋ ምልክት ከመንግሥት የዘወትር ፊደላት ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ጋዜጦች ያንን ግማሽ በድምፅ ፊደል ብቻ ይጽፉታል። ያኔ ፀሐይቱ ትጠፋለች፤ በጆሮ ደግሞ የ1945ቱ ሽማግሌና የ2011ዱ ሕፃን አንድ ዓይነት ናቸው። ለሕፃኑ ይህ ቀላል አልነበረም፤ የሂሮሺማ ተራፊዎች ሥራና ትዳር የተነፈጉበት ዘመን ገና አልተረሳም። ከፉኩሺማ ተፈናቅሎ ዮኮሃማ የገባ አንድ ልጅ በክፍል ጓደኞቹ «ኪን»፣ ጀርም፣ ተብሎ ሲጠራ እንደኖረ በ2016 አገር ሰማ። የእኛ «ጨረር» ከፀሐይ ጮራ ጋር የሚሄድ ቃል ነው፤ ባለሙያዎቹ «ጨረራ» ብለው ቢለዩትም በጆሮ ውስጥ ማለዳ አለበት። በጃፓንኛውም ጽሕፈት ውስጥ ያቺው ፀሐይ ተቀምጣለች።

ጃፓን ለቦምብና ለመብራት ሁለት ስም መስጠቷም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለመሣሪያ «ካኩ» ይላሉ፤ የፍሬ እምብርት፣ ድንጋይ ማለት ነው፣ ልክ እንደ ላቲኑ «ኑክሌውስ» ከለውዝ ፍሬ እንደመጣው። ለመብራት ግን «ገንሺርዮኩ» ነው፣ የአቶም ኃይል። ሰውም አሳጥሮ ማመንጫውን «ገንፓትሱ»፣ ቦምቡን «ገንባኩ» ይላል። ኦፊሴላዊው ቋንቋ የለያቸውን የመንገድ ቋንቋ እንደገና ወንድማማች አደረጋቸው።

ከዚያ ወሬው መጣ፤ ወሬውን የሚሰይመውም ቃል። «ፉህዮ ሂጋይ»። «ፉ» ነፋስ፣ «ህዮ» ወሬና አስተያየት፣ «ሂጋይ» ጉዳት፤ የነፋስ ወሬ ያደረሰው ጉዳት። የፉኩሺማ ሩዝና ኮክ፣ የኢባራኪ ጎመን ተመርምሮ ንጹሕ ቢባልም ገዢ አጣ፤ ገበሬው ካሳ ሲጠይቅ የጉዳቱ ስም ይህ ሆነ፣ በዓመቱ ከታወቁት ቃላትም አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ለገበሬው እውነተኛ መከራ ነው፤ ቃሉን ማናናቅ አልሻም። ነገር ግን ነፋስ ማን ነው? ጨረር የሚረጨው ሴሲየም በእርግጥ በነፋስ ነው የመጣው፤ ወሬውም በነፋስ መጣ ከተባለ አድራጊው ሁሉ አየር ሆነ። ልጇን አስባ ጎመኑን ያልገዛች እናት «ነፋስ» ተብላ የጉዳቱ አድራሽ ሆነች፣ ማብላያውን ያልጠበቀው ግን ከዐረፍተ ነገሩ ወጣ። ገበሬና እናት በአንድ ቃል ተጣሉ። የእኛ «አሉባልታ» ቢያንስ በውስጡ «አሉ» አለው፤ ያሉ ሰዎች እንዳሉ ያምናል።

የነፋስ ወሬ ከዚህም የከፋ ታሪክ አለው። በ1923 ከርዕደ መሬቱ በኋላ ኮሪያውያን የውሃ ጉድጓድ መረዙ የሚል ወሬ ተነዝቶ በሺህ የሚቆጠሩ ኮሪያውያን ተገደሉ። ያን ወሬ ጃፓንኛ «ሪዩጌን ሂጎ» ይለዋል፤ የሚፈስ ወሬ፣ የሚበር ቃል። በ2011 የወሬው ጉዳት ከጃፓን ውጭም ታየ። በቻይና አዮዲን ያለበት ጨው ከጨረር ያድናል ተብሎ በሁለት ቀን ውስጥ ጨው ከየሱቁ ተጠራርጎ አለቀ። በቻይንኛ ጨውና የ«ወሬ» ሁለተኛ ክፍለ ቃል ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ሰው ወዲያው «የወሬ ጨው» የሚል ቃል ፈጠረለት። 

በታኅሣሥ 2011 በኪዮቶ የኪዮሚዙ ቤተ መቅደስ አለቃ በትልቅ ብሩሽ የዓመቱን ፊደል ጻፉ፤ «ኪዙና»። ትስስር ማለት ነው። ያን ዓመት ቃሉ ያልተለጠፈበት ቦታ አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ካን ናኦቶ ለዓለም ባወጡት የምስጋና ማስታወቂያ ርእስ ላይም ነበረ። የኪዙና ጥንተ ፍቺ ግን ፈረስ፣ ውሻ፣ ጭልፊት የሚታሰርበት ገመድ ነው፤ ያው ፊደል «ሆዳሺ» ተብሎ ሲነበብ እግር ብረት ነው። የእኛም «ትስስር» ከ«አሰረ» ነው የመጣው፤ «እስራት»ና «እስረኛ» ወንድሞቹ ናቸው። ሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ነገር ያውቃሉ ማለት ነው፤ የሚያያይዝ ይይዛል። ብዙ የተፈናቀሉ ሰዎች ቃሉን ሲሰሙ የተሰማቸው ይህ ሁለተኛው ፍቺ ነበር፤ ዝም በል፣ አንድ ሁን፣ አታማር። «ጋንባሮ» የሚለውም (እንበርታ ማለት ነው) በየቦታው ሲሰቀል፣ ቤቱንም ሰውንም ያጣው «ከዚህ በላይ እንዴት ልበርታ?» ብሎ የጠየቀው ለዚህ ነው።

ኪዮቶ ራሷ በዚያው ዓመት ነሐሴ ያደረገችውን ማስታወስ ይገባል። በየዓመቱ የሙታንን ነፍስ ለመሸኘት በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ እሳት ይነድዳል። ሪኩዜንታካታ ጠረፍ ላይ የነበረ 70,000 ያህል ጥድ በሱናሚ ተጠርጎ ነበር፤ በዚያ እንጨት ላይ ሐዘንተኞች የሟቾቻቸውን ስምና መልእክት ጽፈው፣ በኪዮቶ እሳት እንዲነድድ ታሰበ። ጨረር ይዞ ይመጣል የሚል ስጋት ስለ በረታ ተሰረዘ፤ እንጨቱ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም ነበር። አገር ተቆጣ፤ ከተማዋ ሐሳቧን ለውጣ ሌላ እንጨት አስመጣች፤ በሁለተኛው እንጨት ልጥ ላይ ሴሲየም ተገኘ፤ ዳግመኛ ተሰረዘ። ከአራት ወር በኋላ «ኪዙና» በዚያችው ከተማ ተጻፈ። እኔ የኪዮቶን ሰው ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው፤ ሁለቱም ምላሾች ከአንድ ሕዝብ፣ ምናልባትም ከአንድ ሰው ልብ የወጡ ናቸው።

ዝም ያላለውም ሕዝብ ነበር። በ2012 ክረምት በየዓርብ ማታ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ሕዝብ እየተሰበሰበ «ሳይካዶ ሃንታይ» ይል ጀመር፤ ማብላያዎችን እንደገና ማስነሣቱን እንቃወማለን ነው። ሰልፉን «የአጂሳይ አብዮት» አሉት፤ አጂሳይ በዝናሙ ወራት ብዙ ትንንሽ አበባ ባንድ ራስ የምታወጣ ቁጥቋጦ ናት። በሐምሌ በዮዮጊ መናፈሻ በተደረገው ሰልፍ፣ አዘጋጆቹ እንዳሉት፣ 170,000 ሰው ተገኘ፤ ደራሲው ኦኤ ኬንዛቡሮም እዚያ ነበሩ።

ከማመንጫው በሰሜን ምዕራብ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ኢታቴ የምትባል የተራራ መንደር አለች። ወደ 6,000 ሰው ይኖርባት ነበር። ከአደጋው በፊት መንደሪቱ መፈክሯን ያደረገችው አንድ የአካባቢ ዘዬ ነው፤ «ማዴይ»። ከ«ማ» እና ከ«ቴ» የመጣ ነው ይባላል፤ ሁለት እጅ ማለት ነው። ከሁለት እጅ ተነሥቶ በጥንቃቄ፣ በትዕግሥት፣ ከልብ ወደ ማለት ደረሰ። ለሽማግሌ ውሃ ሲያቀብል፣ ከቄስ እጅ ጠበል ሲቀበል ሁለት እጁን የሚዘረጋ ሰው ይህ ቃል አይተረጎምለትም፤ ይታየዋል። ከብት እያረቡ፣ ጎመንና ድንች እየተከሉ በማዴይ እንኖራለን አሉ። አደጋው በደረሰ ሰሞን ከጠረፍ የሸሹትን ተቀብለው አስጠለሉ፣ አበሉ። መጋቢት 6 ቀን ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረ፤ ዝናምና በረዶ ወረደ፤ ጨረሩን መሬታቸው ላይ ጣለው። የ20 ኪሎ ሜትሩ የመልቀቂያ ክልል በካርታ ላይ በክብ መሣሪያ የተሣለ ስለ ነበረ ኢታቴ ከክቡ ውጭ ሆነች፤ እንድትለቅ የተነገራት ከወር በኋላ ነው። በዚያ ወር ልጆች ውጭ ይጫወቱ ነበር። የመልቀቅ ትእዛዙ በአብዛኛው መንደር የተነሣው በመጋቢት 2017 ነው፤ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው፣ አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ። ያችን መፈክር ሳነብ የመቅሰፍቱ ጅራፍ የያዘ እጅ ትዝ ይለኛል። የዚያን እጅ ባለቤት በኢታቴ ሰማይ ላይ መፈለግ አያስፈልግም፤ ኮሚሽኑ የት እንዳለ ጽፏል።

የቃል ክርክሩ አላለቀም። ማብላያዎቹን ሲያቀዘቅዝ የኖረው ውሃ ከ1,000 በላይ ታንኮች ሞልቶ፣ በነሐሴ 2023 ተጣርቶ ወደ ባሕር መለቀቅ ጀመረ። ማጣሪያው አብዛኛውን ያስቀራል፤ ትሪቲየምን ግን ከውሃው መለየት አይችልም። የጃፓን መንግሥት ስሙን «ሾሪሱይ» አለው፣ የተጣራ ውሃ። ቻይና «በኑክሌር የተበከለ ውሃ» ብላ የጃፓንን የባሕር ምግብ አገደች። መለቀቁ በተጀመረ በሳምንቱ የጃፓን የግብርናና ዓሣ ሀብት ሚኒስትር ኖሙራ ቴትሱሮ ከጋዜጠኞች ጋር ሲነጋገሩ «ኦሴንሱይ»፣ የተበከለ ውሃ፣ አሉ። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ይቅርታ እንዲጠይቁ አዘዟቸው፤ ጠየቁም። መንግሥት ለዓሣ አጥማጆቹ በድምሩ 80 ቢሊዮን የን መድቧል፤ የገንዘቡም አንዱ ክፍል የተመደበው በዚያው በነፋስ ወሬ ጉዳት ስም ነው። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበራት ግን ውሃው እስከ ተለቀቀበት ቀን ድረስ ተቃውሟቸውን አላነሡም፤ የምንፈልገው ካሳ ሳይሆን ዓሣ እያጠመድን መኖር ነው አሉ።